ድንጋዩ ብቻውን አይናገርም

አክሱም የሄደ ጎብኚ ከወደቀው ታላቅ ሐውልት አጠገብ ፎቶ ይነሳል፤ ርዝመቱ 33 ሜትር፣ ክብደቱ ከ500 ቶን በላይ መሆኑን ይሰማል፤ ተደንቆ ይሄዳል። ያየው ነገር ምን እንደሆነ ግን ስንቱ ያውቃል?

በሐውልቱ ላይ የተቀረጸው ቤት ነው። ከታች የተዘጋ በር፣ ከላዩ በ13 ፎቅ የተደረደሩ መስኮቶች አሉት። «የዝንጀሮ ራስ» የሚባሉት ወጣ ወጣ ያሉ ክብ ቅርጾች፣ በእውነተኛው ቤት ግንቡን አስረው የሚይዙ እንጨቶች ጫፍ ምስል ናቸው። እውነተኛውን አሠራር ማየት የፈለገ ደብረ ዳሞ ይውጣ። ላሊበላ ደግሞ የቤተ አማኑኤል ግድግዳ ያንኑ የእንጨትና የድንጋይ ድርድር በአለት ላይ አስመስሎታል። ይህን የሚነግረው ያጣ ሰው ድንጋይ አይቶ «ድንጋይ ነው» ብሎ ይመለሳል።

የጎብኚዎች ማዕከል የሚያስፈልገው ለዚህ ነው እንጂ ለቡናና ለትኬት አይደለም። እንግሊዞች በስቶንሄንጅ እ.ኤ.አ. በ2013 አዲስ ማዕከል ሲከፍቱ ከድንጋዮቹ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ አርቀው ሠሩት፤ በአጠገባቸው ያልፍ የነበረውንም መንገድ ዘጉ። ጎብኚው ከመቃብር የወጡ ዕቃዎችን አይቶ፣ በጥንቱ አኳኋን በተሠሩ ጎጆዎች ገብቶ ወጥቶ ድንጋዮቹ ዘንድ ሲደርስ የሚያየውን ያውቃል።

ለአክሱም ትምህርቱ ሁለት ነው። አንደኛው ርቀት ነው። ሐውልቶቹ የመቃብር ምልክቶች ናቸው፤ ከሥራቸው ያልተቆፈረ ገና ብዙ አለ። አጠገባቸው መሠረት ማውጣት ታሪኩን በአካፋ መዛቅ ነው። ሁለተኛው ቅደም ተከተል ነው። ድንጋዩ የተፈለጠበት ጎቦድራ ከከተማው 4 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ የሽብልቅ ቀዳዳዎቹ ዛሬም በአለቱ ላይ ይታያሉ። በ1929 ዓ.ም. ጣሊያን የወሰደው ሐውልት በ1997 ዓ.ም. በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. ቆመ። ከጎቦድራ እስከ ሮም፣ ከሮም እስከ አክሱም ያለውን ጉዞ በአንድ አዳራሽ በሥዕልና በሞዴል አይቶ የወጣ ተማሪ ሐውልቱን በሌላ ዓይን ያየዋል።

«ገንዘቡ ለጥገና ቢውል አይሻልም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ጥገና ይቅደም፤ ሐቅ ነው። ነገር ግን ቅርሱን የማያውቅ ትውልድ ለጥገናውም አይጮህም። አስጎብኚውም እንጀራዬን ይነጥቀኛል ብሎ አይስጋ፤ መሠረቱን የያዘ እንግዳ ጥያቄው ይበዛል፣ ቆይታውም ይረዝማል።