ከአንኮበር ቀጥቃጭ እስከ መዘዞ ወፍጮ፦ የስለት ዕውቀት የት ገባ?

የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አንኮበር ላይ የአውሮፓ መልእክተኞችን ሲቀበሉ የሚመኙት የታወቀ ነበር፤ ጠመንጃና መድፍ። እ.ኤ.አ. በ1841 በካፒቴን ሃሪስ የተመራው የእንግሊዝ ልዑክም ይህንኑ ገጸ በረከት ይዞ ነው ተራራውን የወጣው። በዚያው አገር ማረሻውን፣ ማጭዱንና ጦሩን የሚሠራው ቀጥቃጭ ግን ቀን ይፈለጋል፣ ማታ «ቡዳ» ይባላል።

አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ አውሮፓውያን ሚሲዮናውያንን መድፍ አሠሩ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። ሁለቱም ችግሩ ገብቷቸዋል። ስድብ ግን በአዋጅ ከአፍ አይወጣም። የቀጥቃጭ ልጅ ከአባቱ ወናፍ ሲሸሽ ዕውቀቱም አብሮት ሸሸ።

የትኛው ዕውቀት? የስለት። ስለት በጣም ከጠነከረ ይሸረፋል፣ ከለሰለሰ ይዶለዱማል። ሙያው መሃሉን ማግኘት ነው።

ጥያቄው ዛሬም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1923 ጀርመናዊው ካርል ሽሮተር የተንግስተን ካርባይድ ዱቄትን በኮባልት አጣብቆ ለመሥራት የፈጠራ መብት ጠየቀ። የታሰበው መጀመሪያ ለአምፖል ክር መሳቢያ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ክሩፕ «ዊዲያ» ብሎ ለገበያ አወጣው፤ «እንደ አልማዝ» ማለት ነው። ካርባይዱ ያጠነክራል፣ ኮባልቱ ያያይዛል። ኮባልቱ ሲበዛ ምት ይችላል፣ ግን ቶሎ ይበላል። ሲያንስ ብዙ ይቆያል፣ ግን ይሰበራል። ቀጥቃጩ በዓይኑ ይመዝነው የነበረው በፋብሪካ ተመዘነ ማለት ነው።

አሁን መዘዞ ላይ የወፍጮ ዘንግ ተበላ እንበል። በብየዳ ይሞላና ቶርኖ ላይ ይወጣል። (ቶርኖ ቃሉ ጣሊያንኛ ነው፤ ማሽኑ ከነስሙ ነው የገባልን።) የብየዳው ቆዳ ወጣ ገባና ጠንካራ ስለሆነ ስለቱን እየመታ ይዞራል። ስለዚህ የሚያስፈልገው ምት የሚችል ኢንሰርት ነው፤ የመጀመሪያው ቆረጣም ከቆዳው ሥር መግባት አለበት። ላይ ላዩን የሚፍቅ ኢንሰርት ይሸረፋል።

ማሸጊያው ይህን በፊደልና በቀለም ይናገራል። ሰማያዊው ፒ ለተራ ብረት፣ ቢጫው ኤም ለማይዝግ ብረት፣ ቀዩ ኬ ለጊዛ ነው። ሲኤንኤምጂ 120408 የሚለውም እንቆቅልሽ አይደለም፤ ሲ 80 ዲግሪ ማዕዘን ያለው ቅርጽ ነው፣ የመጨረሻው 08 ደግሞ የጫፉ ክብነት 0.8 ሚሊሜትር ነው። ሁለት ፊት ያለው ባለ ሦስት ማዕዘኑ ስድስት ጫፍ ስላለው ርካሽ ይመስላል፤ ሲው አራት ብቻ ነው ያለው። ግን 60 ዲግሪ ጫፍ ከ80ው ይልቅ ደካማ ነው፤ በብየዳ ላይ ስድስቱም ተራ በተራ ሊረግፉ ይችላሉ። ወርቃማው ቅብም ዓይን ይስባል እንጂ ቀለሙ ብቻውን ስለ ጥንካሬው ምንም አይናገርም።

ስለ ኢንዱስትሪ በተወራ ቁጥር የሚቆጠረው ፓርክና ማሽን ነው፤ ደብረ ብርሃንም ፓርኳ አላት። ከሣህለ ሥላሴ ዘመን ጀምሮ ዕቃው ይከበራል፣ የሚቆርጠው እጅ ይናቃል። ዘንጉ ሸካራ ሆኖ ወይም ልኩን ስቶ ከወጣ ኩሽኔታው ቶሎ ይበላል፣ ወፍጮውም እንደገና ይቆማል። እህሉን በአህያ ጭኖ የመጣው ገበሬ ሳያስፈጭ ወደ ቤቱ ይመለሳል።