ከውሻና ከድመት ጋር ስንኖር ልናውቃቸው የሚገቡ ተላላፊ በሽታዎች

በአገራችን ውሻ በአብዛኛው የሚያዘው ግቢ እንዲጠብቅ፣ ድመትም አይጥ እንድታጠፋ ነው። በመሆኑም ጤናቸው ትዝ የሚለን ሲታመሙ ወይም ሰው ሲነክሱ ነው። ሁለቱን የሚያጠቁ ተላላፊ በሽታዎች ብዙ ቢሆኑም ዋና ዋናዎቹን በክትባት መከላከል ይቻላል።

የእብድ ውሻ በሽታ

ከሁሉም አስከፊው የእብድ ውሻ በሽታ ወይም ሬቢስ ነው። ቫይረሱ የሚገኘው በታመመው እንስሳ ምራቅ ውስጥ ሲሆን፣ በንክሻ ወይም የቆሰለ ገላ ሲላስ ይተላለፋል። ከዚያም በነርቭ በኩል ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል። በሰው ላይ ምልክቱ እስኪታይ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ወር ይፈጃል። ሕይወት የሚተርፈው በዚህ ጊዜ ውስጥ ብቻ ነው፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል። በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ 59 ሺህ ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ እንደሚሞቱ ይገመታል። ከመቶ 99 ያህሉን የሚያስይዛቸው ውሻ ነው።

«እብድ» የሚለው ስም ራሱ ያሳስታል። ሁሉም የታመመ ውሻ እየሮጠ ያገኘውን አይነክስም። አንዳንዱ ይፈዛል፣ ጨለማ ቦታ ይሸሸጋል፣ መንጋጋው ይወድቅና ለሃጩን ያዝረከርካል። ባለቤቱም «አጥንት ጉሮሮው ላይ ተሰክቶበታል» ብሎ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል። ለሃጩ የሚዝረከረክ፣ መዋጥ ያቃተው ውሻ ሲያጋጥምዎ እጅዎን ሰብስበው የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ። ድመትም ይህንኑ በሽታ ትይዛለች፣ ታስተላልፋለችም።

የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ አለበት። ቀላል ቢመስልም ቫይረሱ ነርቭ ሳያገኝ ለማጠብ የሚያስችል ትልቅ እርምጃ ነው። ቀጥሎ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው። ብዙዎችን የሚያስፈራቸው ቀድሞ ከበግ አንጎል ይዘጋጅ የነበረውና በሆድ ላይ ለብዙ ቀናት የሚወጋው ክትባት ነው። ዘመናዊው ግን ጥቂት ጊዜ ብቻ ክንድ ላይ ይሰጣል። የነከሰው ውሻ ከተያዘ አይገደል፤ ታስሮ ለ10 ቀናት ይታይ። ቫይረሱን በምራቁ የሚያስተላልፍ ደረጃ ላይ ደርሶ ከነበረ በእነዚህ ቀናት ውስጥ ይታመማል ወይም ይሞታል። ክትባቱ ግን ይህን ውጤት ሳይጠብቅ ይጀመራል።

ሥርና ቅጠል የሚሰጡ ባህላዊ አዋቂዎች «ስንቱን አድነናል» ሲሉ ይሰማል። የነከሰ ውሻ ሁሉ በሽታው የለበትም፤ ያለበትም ቢሆን የነከሰውን ሁሉ አያስይዝም። ስለዚህ ያለ መድኃኒትም ደህና ይሆን የነበረው ሰው ሁሉ ለአዋቂው እንደ ምስክር ይቆጠርለታል። ጠበል መጠመቅ የሚፈልግም ክትባቱን ጀምሮ ሊጠመቅ ይችላል፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ፓርቮ እና ዲስቴምፐር

ቡችላ ገዝተው በሳምንቱ የሞተባቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያማርሩት ሻጩን ወይም «የተመረዘ ምግብ» ነው። ዋነኛው ተጠርጣሪ ግን ፓርቮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ዙሪያ የተሠራጨው ይህ ቫይረስ የአንጀትን ሽፋን ያፈርሳል። ቡችላው ምግብ ይተዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ከዚያም ደም የቀላቀለና የሚከረፋ ተቅማጥ ይይዘዋል። ቶሎ ግሉኮስ ካልተተከለለት ከድርቀት የተነሳ በጥቂት ቀናት ይሞታል። ቫይረሱ በግቢ አፈር ውስጥ ለወራት ስለሚቆይ ሌላ ቡችላ ወዲያው መተካት ሁለተኛ ሐዘን መጋበዝ ነው። ተራ ሳሙና አይገድለውም፤ አንድ እጅ በረኪና በ30 እጅ ውሃ ተበጥብጦ የታጠበ ሲሚንቶ ግን ይጸዳል።

«አንዴ ተከትቦ ነበር እኮ» የሚል ቅሬታም ይሰማል። ቡችላ ከእናቱ የመጀመሪያ ወተት የሚያገኘው መከላከያ ለሳምንታት ይጠብቀዋል፤ ነገር ግን ይኸው መከላከያ ክትባቱንም ያከሽፈዋል። መቼ እንደሚያልቅ ከቡችላ ቡችላ ይለያያል። ክትባቱ ከ6ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ተጀምሮ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ እስከ 16ኛው ሳምንት የሚደጋገመው በዚህ ምክንያት ነው።

ዲስቴምፐር የኩፍኝ ቫይረስ ዘመድ ነው፤ ሰውን ግን አይዝም። በትኩሳት፣ በዓይንና በአፍንጫ ፈሳሽ፣ በሳል ይጀምርና ወደ መንቀጥቀጥ ሊደርስ ይችላል። ያልተከተበ ውሻ ጉዳቱ ከግቢ አልፎ ይሄዳል። በባሌ ተራሮች የሚገኙት ቀይ ቀበሮዎች እ.ኤ.አ. በ2003 በሬቢስ፣ በ2010 ደግሞ በዲስቴምፐር በብዛት አልቀዋል። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ጥቂት መቶዎች ብቻ ሲሆኑ፣ በሽታዎቹን የሚያመጡባቸው የአካባቢው ውሾች ናቸው።

ድመቶች

ድመትም የፓርቮ ዘመድ የሆነ የራሷ በሽታ አላት፤ ግልገሎችን በፍጥነት ይጨርሳል፤ ክትባትም አለው። የድመት ጉንፋን የሚባለው ደግሞ ዓይን ያስለቅሳል፣ ምላስ ያቆስላል።

ነፍሰ ጡሮችን የሚያስጨንቀው ቶክሶፕላዝማ ነው። ሴት ልጅ ስታረግዝ የቤቱ ድመት ስትባረር ማየት የተለመደ ነው፤ ክትፎው ግን ከማዕድ አይነሳም! ጥገኛው በጥሬ ሥጋም ይተላለፋል። ድመቷ እንቁላሉን በዓይነ ምድሯ የምታወጣው በአብዛኛው መጀመሪያ በተያዘችበት ወቅት ለ1 እስከ 3 ሳምንት ነው። እንቁላሉም ሰውን ለመያዝ ቢያንስ አንድ ቀን ይፈልጋል። ስለዚህ ዓይነ ምድሯን ሌላ የቤተሰብ አባል በየቀኑ ቢጠርግ፣ ነፍሰ ጡሯም ጥሬ ሥጋ ብትተውና አትክልት በደንብ ብታጥብ ድመቷን ማባረር አያስፈልግም።

የበዓል እርድ

በግ ሲታረድ ውሃ የቋጠረ ሳንባ ወይም ጉበት ከተገኘ ለውሻ የመወርወር ልማድ አለ። በቋጠሮው ውስጥ ያለው የትንሽ ኮሶ ትል እጭ ነው። በውሻው አንጀት አድጎ እንቁላሉን ከዓይነ ምድር ጋር ይጥላል፤ ሰው ከዋጠው በጉበቱ ወይም በሳንባው ላይ ዓመታት የሚያድግና በቀዶ ሕክምና የሚወጣ እጢ ሊያበቅል ይችላል። እንዲህ ያለውን ሥጋ በጥልቅ መቅበር ወይም ማቃጠል፣ ውሻውንም ሐኪም በሚያዘው ጊዜ የትል መድኃኒት መስጠት ያስፈልጋል።