ሣር ውስጥ የሚዋኝ መንጠቆ፦ የስዊም ጂግ ታሪክ በላይኛው ሚሲሲፒ

የዓሣ ማጥመጃ መሣሪያዎች ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው የፈልሳፊዎችና የፋብሪካዎች ታሪክ ሆኖ ነው፤ ይሁን እንጂ አንድ መሣሪያ ለምን ያንን ቅርጽ እንደያዘ ከሁሉ የተሻለ የሚያስረዳው መጀመሪያ የተጣለበት ውሃ ነው። በአሜሪካ «ስዊም ጂግ» ተብሎ የሚጠራው ሰው ሠራሽ ማባበያ ለዚህ ጠንካራ ማስረጃ ይሆናል። ስዊም ጂግ በመንጠቆው አንገት ላይ ቀልጦ የፈሰሰ የእርሳስ ጭንቅላት፣ ከጭንቅላቱ ሥር ዙሪያውን የሚንዘረፈፍ የቀጫጭን ክሮች ሽንሽን፣ የመንጠቆውን ጫፍ ከሣር የሚከላከል አጭር ብሩሽ እና ከኋላ የሚሰካ ለስላሳ የፕላስቲክ ጭራ አለው። ሌሎቹ ጂጎች ወደ ውሃው ወለል ወርደው በመሬቱ ላይ እየተነሡና እየወደቁ ሲያጠምዱ፣ ይህኛው ግን ወለሉን ሳይነካ እንደ ትንሽ ዓሣ በሣሩ መካከል እየዋኘ ያልፋል። አሠራሩ ሲታይ ቀላል ነው፤ እዚህ ቅርጽ ላይ ለመድረስ ግን የአንድ ረግረግ ከመድረቅ መትረፍ፣ የአንድ ታላቅ ወንዝ መገደብና በወንዙ ዳር የኖሩ አጥማጆች የረጅም ዘመን ልምድ አስፈልጎታል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማባበያው የሚጣልለት ዓሣ ባስ ነው። ባስ በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊና መካከለኛ ክፍል ጨው አልባ ውሃዎች ውስጥ የሚገኝ ሥጋ በል ዓሣ ሲሆን፣ ከዝርያዎቹ መካከል ሁለቱ ይበልጥ ይታወቃሉ፤ አፈ ሰፊው ባስ ዝግ ያለና ሣር የበዛበት ውሃ ሲወድ፣ አፈ ጠባቡ ደግሞ ድንጋያማና ወራጅ ውሃ ይመርጣል። አፈ ሰፊው በሣር ጠርዝ ወይም በወደቀ ግንድ ጥላ ሥር አድፍጦ አጠገቡ የሚያልፈውን ትንሽ ዓሣ በድንገት የሚይዝ አዳኝ በመሆኑ፣ የማጥመዱ ጥበብ በሙሉ ማባበያውን ከመደበቂያው አጠገብ በማሳለፍ ላይ የተመሠረተ ነው። የአሜሪካ ስፖርተኛ አጥማጆች ልማዳቸውን ከብሪታንያ የወረሱ ስለነበሩ ለረጅም ጊዜ ክብር ይሰጡ የነበረው ለትራውትና ለሳልሞን ነው፤ ጄምስ ሄንሻል የተባለ ሐኪም በ1881 ስለ ጥቁር ባስ ብቻ የሚናገር መጽሐፍ አሳትሞ ዓሣው ከእነዚያ እንደማያንስ አጥብቆ ከተከራከረ በኋላ ግን አመለካከቱ እየተለወጠ ሄደ። ከመጽሐፉ በፊትም የባቡር ሐዲድ ዓሣውን ከትውልድ ውሃው ማውጣት ጀምሮ ነበር፤ በ1850ዎቹ ከኦሃዮ ወንዝ ተፋሰስ የተያዙ ባሶች በእንፋሎት ባቡር የውሃ ታንከር ውስጥ ሆነው የአሌጌኒ ተራሮችን ተሻግረው በፖቶማክ ወንዝ ተለቀቁ። ዛሬ በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን በድልድይ የሚሻገሩት ያ ወንዝ ባስ ያገኘው በዚህ መንገድ ነው።

ጂግ ራሱ ከስዊም ጂግ እጅግ ይቀድማል። በመንጠቆ ላይ እርሳስ አፍስሶ የአጋዘን ጭራ ጸጉር ማሰር የቆየ ሙያ ነው፤ ጸጉሩ በውሃ ውስጥ ሲተነፍስ የሕያው ፍጥረት መልክ ይሰጣል። በ1920ዎቹ በዊስኮንሲን ግዛት በፎርት አትኪንሰን ከተማ የተቋቋመው «አንክል ጆሽ» ኩባንያ የአሳማ ቆዳን ከነስቡ በእንቁራሪት ቅርጽ ቆርጦ በጨው ውሃ እያቆየ መሸጥ ጀመረ፤ ይህም ቁራጭ በኋላ በጂግ መንጠቆ ላይ እየተሰካ የብዙ አጥማጆች መታመኛ ሆነ። በ1949 የኦሃዮው ኒክ ክሬም ለስላሳ የፕላስቲክ ትል ሠርቶ ለገበያ ካቀረበ በኋላ የአሳማው ቆዳ ቀስ በቀስ ለፕላስቲክ ቦታውን ለቀቀ፤ ጸጉሩም በላስቲክ ክሮች፣ ላስቲኩም በሲሊኮን ተተካ። በ1970ዎቹ የካሊፎርኒያው ዲ ቶማስ በረጅም ዘንግና በአጭር ክር ከባድ ጂግን በፊላ መካከል በምትገኝ ክፍተት ቀጥ አድርጎ የማውረድ ዘዴን ይዞ በ1975 በአርካንሳው ቡል ሾልስ ሐይቅ ውድድር ሲያሸንፍ፣ ጂግ የሣር ውስጥ መሣሪያ መሆኑ በመላ አገሪቱ ታወቀ። የቶማስ ጂግ ግን ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ነበር፤ ሰፊ የሣር ሜዳን ወደ ጎን እያሰሰ የሚያልፍ ጂግ ያስፈለገው ሌላ ዓይነት ውሃ ነው።

ያ ውሃ በሚኒሶታና በዊስኮንሲን መካከል የሚፈሰው የላይኛው ሚሲሲፒ ነው። ወንዙ እዚህ ላይ በገደላማ ኮረብታዎች መካከል ተዘርግቶ በብዙ ቅርንጫፎች፣ በደሴቶችና በረግረግ ይከፋፈላል። በ1923 ዊነሺክ የሚባለውን ሰፊ ረግረግ አድርቆ ወደ እርሻ መሬት ለመለወጥ ዕቅድ ወጣ። ዕቅዱን በግንባር የተቃወመው ዊል ዲልግ የሚባል የቺካጎ የማስታወቂያ ባለሙያ ሲሆን፣ ዲልግ በዚያ ወንዝ ባስ የሚያጠምድና በ1922 «አይዛክ ዋልተን ሊግ» የተባለውን የአጥማጆችና የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ ነበር። ማኅበሩ ሕዝቡን አስተባብሮ ኮንግረሱን ስለጎተጎተ፣ በ1924 የላይኛው ሚሲሲፒ የዱር እንስሳትና የዓሣ መጠለያ በሕግ ተቋቋመ፤ መጠለያው በወንዙ ርዝመት 420 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃል። በአሜሪካ የተፈጥሮ ጥበቃ ታሪክ ውስጥ የአዳኞችና የወፍ ወዳጆች ድርሻ በሰፊው ሲነገር የመንጠቆ አጥማጆች ሚና ብዙም አይነሳም፤ ይህ ግን ፍትሐዊ አይደለም፤ ዊነሺክን ከመድረቅ ያዳነው በዋናነት የባስ አጥማጆች ቁጭት ነውና።

ቀጥሎ የመጣው ለውጥ ከማድረቅ ተቃራኒ ነበር። በ1930 ኮንግረሱ ከባድ ጀልባዎች እንዲመላለሱበት ወንዙ ቢያንስ 2.7 ሜትር ጥልቀት ያለው መተላለፊያ እንዲኖረው ፈቀደ፤ በዚያው አሥር ዓመት ውስጥም አብዛኞቹ ግድቦች፣ ጀልባ ከፍ እና ዝቅ የሚያደርጉ መዝጊያዎች ካሏቸው መተላለፊያዎች ጋር፣ ተሠሩ። በሁለት ግድቦች መካከል የሚተኛው ውሃ «ፑል» ይባላል፤ የላ ክሮስ ከተማ የሚገኘው በ7ኛውና ጄኖዋ በምትባለው መንደር አጠገብ በተሠራው በ8ኛው ግድብ መካከል ባለው በፑል 8 ዳር ነው። ግድቦቹ ሲዘጉ ዛፎቹ የተቆረጡበት ሜዳ ከነጉቶው ተጥለቀለቀ፤ ጥልቀት የሌላቸው ሐይቆች ተፈጠሩ፤ በእነርሱም ላይ የውሃ አበባ፣ ፊላ እና እንደ ጥብጣብ ረዝሞ የሚወዛወዝ የውሃ ውስጥ ሣር በቀለ። ዲልግ ግድቦቹ ሳይሠሩ ስለሞተ፣ ያዳነው ረግረግ እንዲህ ወደ ሰፊ የሣር ሐይቅ ሲለወጥ አላየም። ለአፈ ሰፊው ባስ ግን ይህ ሰፊ መኖሪያ ሆነ።

ለአጥማጁ አዲሱ ውሃ ችግር ነበረበት። ሦስት ሦስት ጫፍ ያላቸው መንጠቆዎች የተንጠለጠሉባቸው የእንጨት ማባበያዎች ሁለት ክንድ ሳይሄዱ ሣር ይሞላባቸዋል፤ የተለመደው ጂግም ክሩ የሚታሰርበት ቀለበት ከጭንቅላቱ አናት ላይ ስለሆነ ወደ ጎን ሲጎተት ሣሩ በክሩና በጭንቅላቱ መካከል ይሰነቀራል። የላ ክሮስ አካባቢ አጥማጆች መፍትሔውን ያገኙት ጂጉን ራሱን በመለወጥ ነው። ጭንቅላቱን እንደ ጥይት አሾሉት፤ ቀለበቱን ወደ አፍንጫው ጫፍ አመጡት፤ ብሩሹን አሳሱት፤ ሽንሽኑን ቀነሱት፤ ክብደቱንም ወደ 7 ግራም ገደማ አወረዱት። ሣሩ ሹሉን አፍንጫ ተከትሎ ወደ ኋላ ስለሚንሸራተት መንጠቆው ንጹሕ ሆኖ ያልፋል። በዚህ ሥራ ስሙ ከሁሉ በላይ የሚነሳው የላ ክሮሱ ቶም ሞንሱር ሲሆን፣ ጂጎቹን በእጁ እያሰረ በብሔራዊ ውድድሮች የተጠቀመ ባለሙያ ነው። ያም ሆኖ እንዲህ ያለ መሣሪያ በአንድ ቀን በአንድ ሰው አይወለድም፤ በየቤቱ ምድር ቤት እርሳስ እያቀለጡ አንዱ የሌላውን ቅርጽ ያሻሻሉ ሰዎች ሁሉ ሥራ ነው።

መሣሪያውን መልመድ በአብዛኛው የተለመደውን የጂግ አያያዝ መተውን ይጠይቃል። አጥማጁ ከታለመው ቦታ አሳልፎ ከጣለ በኋላ ጂጉ ከመስጠሙ በፊት ማጠንጠን ይጀምራል፤ የዘንጉን ጫፍ ከፍ ካደረገ ማባበያው ወደ ውሃው ገጽ ይቀርባል፣ ዝቅ ካደረገ ይጠልቃል፤ ጫፉን በቀስታ ካንቀጠቀጠ ደግሞ ሽንሽኑ ይከፈትና ይከደናል። ጂጉ ሣር ሲነካ እጅ ላይ የሚሰማውን መጎተት ከዓሣ ንክሻ መለየት ጊዜ ይወስዳል። ጀማሪ ከሁሉ በላይ የሚቸገረው ባሱ ሲመታ ነው። ውሃው ሲናጥ ያየ ሰው ዘንጉን ወዲያው መመንጨቅ ይቃጣዋል፤ ነገር ግን ባስ አፉን ከፍቶ ማባበያውን ከውሃው ጋር ስቦ ስለሚያስገባ፣ አፉን እስኪገጥምና ክብደቱ በክሩ ላይ እስኪሰማ ማጠንጠኑን መቀጠል፣ ከዚያም ብሩሹ እንዲታጠፍ ዘንጉን በኃይል መሳብ ያስፈልጋል። ሣር ውስጥ የተጠመጠመን ዓሣ ለማውጣትም ሣሩን የሚቆርጥ የተጠለፈ ክር ይመረጣል።

ይህ ዕውቀት ከወንዙ ዳር የወጣው በውድድር ነው። የአላባማው የኢንሹራንስ ሻጭ ሬይ ስኮት በ1967 በአርካንሳው ቢቨር ሐይቅ 106 ተወዳዳሪዎችን ሰብስቦ ትልቅ የባስ ውድድር አካሄደ፤ በ1968 ደግሞ «ባስ» የተባለውን ማኅበር መሠረተ። ማኅበሩ ከ1972 ጀምሮ የተያዘው ዓሣ በሕይወት ተጠብቆ እንዲለቀቅ በማስተማር የአጥማጆችን ሥነ ምግባር ለወጠ። ውድድር ምስጢርን ለጊዜው ያስደብቃል፤ አሸናፊው ሲታወቅ ግን መሣሪያውም አብሮ ይታወቃልና የአንድ ወንዝ ልማድ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የአገር ሆነ።

ሣሩ ግን ዘላለማዊ አልነበረም። ማዕበል የፑል 8ን ደሴቶች እየሸረሸረ ውሃውን አደፈረሰው፤ በ1980ዎቹ መጨረሻ ድርቅ ከተከሰተ በኋላም የጥብጣቡ ሣር በብዙ ቦታ ጠፋ። ኮንግረሱ በ1986 ባጸደቀው የወንዙ ማገገሚያ መርሐ ግብር ደሴቶች እንደገና ተገነቡ፤ በ2001ና በ2002 ክረምት ወራት ደግሞ በፑል 8 የውሃው ከፍታ ግድቡ አጠገብ በ45 ሴንቲ ሜትር ያህል ሆን ተብሎ ዝቅ እንዲል ተደረገ። በጭቃው ውስጥ ተቀብሮ የኖረው ዘር ፀሐይ ሲነካው በቀለ፤ የዓሣው መደበቂያም ተመለሰ።

ከሣሩ ጋር በመጸው ወራት በሺዎች የሚቆጠሩ ነጫጭ የዱር ዳክዬ ዘመዶች፣ ስዋን የሚባሉት ወፎች፣ የእነዚሁን ዕፅዋት ሥር ከጭቃው ቆፍረው ለመብላት ያርፋሉ። ክር ሲበጠስ ጭቃው ላይ የሚቀር እርሳስ ለውሃ ወፎች መርዝ ስለሆነ፣ በአንዳንድ ግዛቶች ትናንሽ የእርሳስ ማጥመጃዎችን የሚከለክሉ ሕጎች ወጥተዋል። አማራጩ ግን ለቤት ውስጥ ሠሪው እኩል አይመችም። እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ስለሚቀልጥ በማንኛውም ምድጃ ይፈስሳል፤ ቱንግስተን ከ3,400 ዲግሪ በላይ ስለሚፈልግ በቤት የማይሞከር የፋብሪካ ሥራ ነው። ቆርቆሮና ቢስሙት ከእርሳስም ባነሰ ሙቀት ይቀልጣሉ፤ ከእርሳስ ይልቅ ቀለል ያሉ በመሆናቸው ለተመሳሳይ ክብደት ተለቅ ያለ ጭንቅላት ይጠይቃሉ። ይህ ወለል ለሚመታው ከባድ ጂግ ጉዳት ቢሆንም፣ ከውሃው ገጽ ብዙ ሳይርቅ ለሚዋኘው ለስዊም ጂግ ግን እምብዛም አያስቸግርም፤ ስለዚህ የላ ክሮሱ የእጅ ሙያ ከእርሳስ ወደ ቢስሙት ለመሻገር ከሌሎቹ ሁሉ የተሻለ ዕድል አለው።