ቦጋለች ገብሬ

ቦጋለች ገብሬ የሴት ልጅ ግርዛትንና ጠለፋን በመታገል የታወቁ ኢትዮጵያዊት የሴቶች መብት ተሟጋችና የኬኤምጂ ኢትዮጵያ መሥራች ነበሩ። ወዳጆቻቸው «ቦጌ» ይሏቸው ነበር። የድርጅቱ ሙሉ ስም በከምባትኛ የከምባታ ሴቶች አብረው መሥራታቸውን የሚገልጽ ነው።

የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ከምባታ ውስጥ ዛቶ በምትባል መንደር ነው። 12 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ተገረዙ፤ ደም ፈሷቸውም ለሞት ተቃርበው ነበር። ውሃ ልቀዳ ነው እያሉ ከቤት በመውጣት ፊደል ቆጠሩ። ከዚያ አዲስ አበባ በአዳሪ ትምህርት ቤት፣ ኢየሩሳሌም በሚገኘው የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ማይክሮባዮሎጂ፣ ቀጥሎም በአሜሪካ ተማሩ። ሎስ አንጀለስ ሳሉ ማራቶን እየሮጡ ገንዘብ አሰባስበው ለኢትዮጵያ ተማሪዎች መጻሕፍት ይልኩ ነበር። የበጎ አድራጎት አመራርን የተለማመዱት በዚሁ ሥራ ነው።

ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ1997 ከእህታቸው ከፍቅርተ ገብሬ ጋር ኬኤምጂን መሠረቱ። አጀማመሩ ግን ያሰቡት ዓይነት አልነበረም። በቤተ ክርስቲያን ተገኝተው ስለ ኤችአይቪ ሲናገሩ፣ የአገሩን ሰው ያስጨነቀው ሌላ ነገር መሆኑን ተረዱ። ድልድይ የለም፤ ልጆች ትምህርት ቤት፣ ነጋዴዎችም ገበያ መድረስ ተቸግረዋል። ቦጋለች ገንዘብ ፈልገው ድልድዩን አሠሩ። በአገሬው ዘንድ ቃላቸው የተሰማው ከዚያ በኋላ ነው። ከአገራቸው ርቀው ተምረው ለተመለሱ የድርጅት መሪዎች ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል።

ዋናው የሥራ ስልታቸው «የማኅበረሰብ ውይይት» የሚባለው ነበር። ሴትና ወንድ፣ ሽማግሌና ወጣት፣ ገራዦቹም ጭምር በየጊዜው አንድ ላይ ተቀምጠው ይነጋገራሉ፤ የተስማሙበትንም እድሮች እንደ ደንብ ይዘው ያስፈጽሙታል። እ.ኤ.አ. በ2002 አንዲት ያልተገረዘች ሙሽራ በአደባባይ ተዳረች። ለሰርጉ ከ2,000 በላይ ሰው መጣ፤ ሙሽራዋም አልገረዝም የሚል ጽሑፍ ደረቷ ላይ አንጠልጥላ ነበር። ያልተገረዘች ሴት ባል አታገኝም የሚለውን እምነት ከማናቸውም ንግግር በላይ የናደው ይህ ሰርግ ሳይሆን አይቀርም። ግርዛትን የሚያስቀጣው የወንጀል ሕግ የወጣው ከዚህ በኋላ፣ በ1996 ዓ.ም. ነው፤ በአንቀጽ 565 መነሻ ቅጣቱ ሦስት ወር እስራት ወይም 500 ብር ነው።

ቦጋለች እ.ኤ.አ. በ2013 በቤልጂየም የንጉሥ ቦድዋን ዓለም አቀፍ የልማት ሽልማት ሲቀበሉ፣ ሥራቸው በደረሰበት አካባቢ ግርዛት ከሞላ ጎደል ከሁሉም ሴት ልጆች ከ3 በመቶ ወዳነሰ ደረጃ መውረዱ ተነግሮላቸዋል። ድርጊቱ ወንጀል ከሆነ ወዲህ የተሰበሰበ ቁጥር ስለሆነ፣ ደብቀው የሚገርዙትን ሁሉ ይይዛል ማለት አይቻልም።

በእሳቸው የአመራር ዘመን የመብት ተሟጋች ድርጅቶች ሥራ ራሱ በሕግ ተገድቦ ነበር። አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በሰብአዊ መብትና በጾታ እኩልነት ላይ እንዳይሠሩ ከልክሏል። አዋጁ በየካቲት 2011 ዓ.ም. በቁጥር 1113/2011 ተሻረ። ቦጋለች ከተሻረ ዓመት ሳይሞላ፣ ጥቅምት 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ሎስ አንጀለስ ውስጥ አረፉ።