የትንሣኤው ቃልና የሰሚው ቋንቋ



ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ያሉት 50 ቀናት በዓለ ሃምሳ ይባላሉ፤ ጾምና ስግደት የሌለባቸው የደስታ ቀናት ናቸው። በመጀመሪያቸውና በመጨረሻቸው የተፈጸሙትን ሁለት ታሪኮች ብናስተያይ፣ ስለ ሃይማኖትና ስለ ቋንቋ ታላቅ ትምህርት እናገኛለን።

የመጀመሪያው በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 24 ተጽፏል። ሁለት ደቀ መዛሙርት አዝነው ወደ ኤማሁስ ሲጓዙ ጌታ በመንገድ ተቀላቀላቸው፤ እነርሱ ግን አላወቁትም። እርሱም ማንነቱን ከመግለጡ አስቀድሞ፣ ከሙሴ ጀምሮ የነቢያትን ቃል ተረጐመላቸው። በማዕድ ኅብስቱን በቈረሰ ጊዜ ዐወቁት፤ ልባቸው ግን ገና በመንገድ ሳሉ ነዶ ነበር። ሁለተኛው በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 2 የሚገኘው ነው፤ ከየአገሩ የተሰበሰበው ሕዝብ የሐዋርያትን ቃል እያንዳንዱ በተወለደበት ቋንቋ ሰማ። እንግዲህ የትንሣኤ ወራት በትርጓሜ ተጀምሮ፣ ሰው ሁሉ በሚሰማው ልሳን ይፈጸማል ማለት ነው።

ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከአዲስ አበባ በደቡብ ምዕራብ የፉሪ ተራራ ይታያል፤ በዚያው አቅጣጫ የጅማ መንገድ ወደ ሰበታ ያወጣል። በሰበታም ጌታ በሐሙስ ሌሊት በጸለየበት ስፍራ፣ በጌቴሴማኒ ስም የተጠራ የሴቶች ገዳም አለ። በዚህ አገር ኦሮምኛና አማርኛ በአንድ ገበያ ይነገራሉ፤ በቅዳሴው ደግሞ ግዕዙ ይሰማል። በአንድ የፋሲካ ሌሊት ሦስት ልሳናት ይገናኛሉ። ቃሉ ወደ ሦስቱም የደረሰው ግን በብዙ ድካም ነው።

ቅዱሳት መጻሕፍት በአክሱም ዘመን ወደ ግዕዝ የተመለሱት፣ ግዕዝ የሕዝቡ መነጋገሪያ ስለ ነበረ ነው። ሕዝቡ በሌላ ልሳን መናገር በጀመረ ጊዜ ሊቃውንቱ ዝም አላሉም፤ ግዕዙን እያነበቡ በአማርኛ አንድምታ ተረጐሙት። ይህም በጉባኤ ቤት ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በቃል ሲወርድ ኖረ።

መላውን መጽሐፍ በአማርኛ የተረጐሙት የጎጃሙ ተወላጅ መነኩሴ አቡ ሩሚ ናቸው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በካይሮ ከፈረንሳዊው ዲፕሎማት ከአስሊን ደ ሸርቪል ጋር ተቀምጠው 10 ዓመት ያህል ደከሙ። ሥራቸው ሳይታተም እርሳቸው በወረርሽኝ ሞቱ። በ1820 በአውሮፓ አቆጣጠር ዊልያም ጆዌት ጽሑፉን ለእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ገዛው፤ ሙሉው መጽሐፍም በ1840 ታተመ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተዘጋጀው አዲስ ትርጕም ደግሞ በ1954 ዓ.ም. ወጣ።

ወደ ኦሮምኛ የተረጐሙት የኢሉባቦሩ ተወላጅ ኦነሲሞስ ነሲብ በልጅነታቸው ለባርነት የተሸጡ ሰው ነበሩ። በ1870 በአውሮፓ አቆጣጠር በምጽዋ ነፃ ወጥተው በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሩ። እንደ እርሳቸው ከባርነት ነፃ የወጣችው አስቴር ጋኖ ረዳታቸው ሆነች። አዲስ ኪዳን በ1893፣ ሙሉው መጽሐፍ በ1899 በግዕዝ ፊደል ታተመ። ኦነሲሞስ ወደ ወለጋ ተመልሰው ሲያስተምሩ ተከሰሱ፤ ከ1906 ጀምሮ እንዳይሰብኩ ታገዱ። ፈቃድ ያገኙት በ1916 በልጅ ኢያሱ ጊዜ ነው። ከመካከላቸው ቃሉን በልሳናቸው ሳይሰሙ ያለፉ ስንት አረጋውያን እንደ ነበሩ እናስብ።

አንባብያን ሆይ፤ ከእነዚህ ሰዎች አንዱ በካይሮ ሞተ፤ ሌላው ከሰንሰለት ተፈትቶ ቃሉን ለወገኖቹ ከፈተ። ለእኛ ያተረፉልን ዕዳ ግልጽ ነው። የግዕዙ ክብር በትርጓሜ አይቀንስም፤ የጎረቤታችንም ልሳን ለእግዚአብሔር ቃል አያንስም። ስለዚህ በዚህ በበዓለ ሃምሳ የሚያነብ ለማያነበው፣ የገባው ላልገባው፣ በቤቱ ማዕድ ዙሪያ የትንሣኤውን ምዕራፍ በሚሰሙት ቋንቋ ያስረዳ። ጌታም በኤማሁስ መንገድ ያደረገው ይህንኑ ነው።