ለጠፈር ሳይንስ ትምህርት የድጋፍ ገንዘብ ማመልከት፦ በኤደን ላሉ አማርኛ ተናጋሪዎች

የጠፈር ሳይንስን ለተማሪዎችና ለሕዝብ የሚያስተዋውቁ ሥራዎች በብዙ አገሮች ከመንግሥት ካዝና ድጋፍ ያገኛሉ። በአሜሪካ ናሳ፣ በብሪታንያም የመንግሥት የምርምር ምክር ቤቶች ለዚህ ሥራ በየጊዜው ጥሪ ያወጣሉ። ገንዘቡ ግን በአመዛኙ በእነዚያው አገሮች ለተመዘገቡ ተቋማት የሚሰጥ ነው። የመን በበኩሏ የራሷ የጠፈር ኤጀንሲ የላትም። በኤደን የሚኖር አማርኛ ተናጋሪ መምህር ወይም የማኅበረሰብ አስተባባሪ ለሕፃናት የሥነ ፈለክ ትምህርት ሊያዘጋጅ ቢያስብ፣ የሚያንኳኳው በር ሌላ መሆን ይኖርበታል።

ቅርብ የሆነው በር በደቡብ አፍሪካዋ ኬፕ ታውን የሚገኘው «ሥነ ፈለክ ለልማት» የተባለው ጽሕፈት ቤት ነው። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ከደቡብ አፍሪካ መንግሥት የምርምር ፋውንዴሽን ጋር በመሆን እ.ኤ.አ. በ2011 ያቋቋመው ሲሆን፣ በዓመት አንድ ጊዜ በሚያወጣው ጥሪ እስካሁን ከ200 በላይ ፕሮጀክቶችን ደግፏል። ጥሪው ከየትኛውም አገር ለሚቀርብ ሐሳብ ክፍት ነው። ጽሕፈት ቤቱ የምሥራቅ አፍሪካ ቅርንጫፉን በአዲስ አበባ፣ የአረቡን ዓለም ቅርንጫፉን በአማን ስላደረገ፣ ዐረብኛም አማርኛም የሚያውቅ የኤደን ነዋሪ በሁለቱም በኩል ምክር ሊጠይቅ ይችላል። ይህ ዕድል ከሌሎች ብዙ አመልካቾች የተሻለ ቦታ ላይ ያስቀምጠዋል።

አስቀድሞ ግን የቃል ጉዳይ መጥራት አለበት። ዐረብኛው «ሚንሓ» የሚለው ቃል ለተማሪ የሚሰጠውን የነፃ ትምህርት ዕድልም፣ ሳዑዲ ዓረቢያ ለኤደን የኃይል ማመንጫዎች የሰጠችውን የነዳጅ ድጋፍም፣ ለፕሮጀክት የሚለቀቀውን ገንዘብም ይጠራል። በዚህ ምክንያት «ሚንሓ ወጣ» የሚል ወሬ የሰማ ወላጅ ልጁ ወደ ውጭ አገር የሚማርበት ዕድል የተከፈተ ይመስለዋል። እዚህ የሚነገረው ድጋፍ ግለሰብን ለማስተማር የሚከፈል ሳይሆን፣ በዕቅድ ለተወሰነ ሥራ ተሰጥቶ በሪፖርትና በደረሰኝ የሚወራረድ ነው። ሌላም መጠንቀቂያ አለ፦ «ፈለክ» በሁለቱም ቋንቋ አንድ ቃል ቢሆንም፣ በሰፈር አነጋገር «ፈለኪ» ሲባል ኮከብ ቆጣሪ የሚመስለው ሰው ጥቂት አይደለም። ለወላጆችና ለቀበሌ ሹማምንት በሚጻፍ ደብዳቤ ላይ ሥራው ከጥንቆላ የራቀ ትምህርት መሆኑን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስፈር ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል።

ገምጋሚዎች የሚጠይቁት አመልካቹ ከዋክብትን ምን ያህል እንደሚወድ አይደለም። የሚጠይቁት በሥራው ማብቂያ ማን፣ በምን እንደሚለወጥ ነው። «ሕፃናት ጠፈርን እንዲያውቁ ማድረግ» ብሎ የሚጀምር ማመልከቻ ከመቶዎቹ መካከል ይጠፋል። በአንጻሩ ለምሳሌ በአል-በሳቲን ሰፈር ከትምህርት ገበታ የራቁ 40 ልጆች በስድስት ወር ውስጥ ማዕዘን መለካትና ሰንጠረዥ ማንበብ እንደሚማሩ፣ ይህም ከትምህርቱ በፊትና በኋላ በሚሰጥ አንድ ዓይነት ፈተና እንደሚመዘን የሚገልጽ ሐሳብ የሚጨበጥ ነገር አለው። በቡድኑ ውስጥ በፊዚክስ ወይም በሥነ ፈለክ የሠለጠነ አንድ ሰው መኖሩ ማመልከቻውን ያጠነክረዋል።

ለትምህርቱ የሚሆን መነሻ በኤደንም በኢትዮጵያም ሞልቷል። የክሬተር ሰፈር ራሱ የተቆረቆረው በጠፋ እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ነው፤ የጨረቃ ጉድጓዶች ግን በአብዛኛው ከሰማይ በወደቁ አለቶች የተቦረቦሩ ናቸው። ይህን ልዩነት ልጆቹን ወደ ክሬተር ይዞ ወጥቶ ማስተማር ምንም ወጪ የለውም። የመንን ይገዛ ከነበረው የረሱሊዶች ሥርወ መንግሥት የወጣው ሱልጣን አል-አሽረፍ ዑመር በ13ኛው መቶ ዘመን ከዋክብትን ከእርሻ ወቅቶች ጋር ያያያዘ የዘመን መቁጠሪያ አዘጋጅቷል። በ1291 ስሙን ተሸክሞ የተሠራው የከዋክብት መለኪያ መሣሪያም ዛሬ በኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ይገኛል። ኢትዮጵያውያን ወላጆች ደግሞ ባሕረ ሐሳብን ያውቃሉ። በ2019 ዓለም አቀፉ ኅብረት አገሮችን ስም እንዲያወጡ ሲጋብዝ ኢትዮጵያ የደረሳትን ኮከብ «ቡና»፣ በዙሪያው የሚዞረውን ፕላኔት «አቦል» ብላዋለች። ከሞካ ወደብ ጋር ስሙ ለተሳሰረ መጠጥ በየመን ምድር ከዚህ የሚቀል የትምህርት መክፈቻ ማግኘት ያስቸግራል። የእንጦጦው ኦብዘርቫቶሪም ሲገነባ ዋናውን ገንዘብ የሰጡት ከሐድራሚው አባትና ከኢትዮጵያዊት እናት የተወለዱት ሼክ መሐመድ ሁሴን አል-አሙዲ ነበሩ።

አብዛኛው ማመልከቻ የሚወድቀው ግን በሐሳብ ሳይሆን በሕጋዊ ቤት ነው። የድጋፍ ገንዘብ በተለምዶ በግለሰብ ስም አይላክም፤ የተመዘገበ ተቋም፣ የባንክ ሒሳብና ሒሳቡን የሚመረምር ሰው ይፈልጋል። በየመን ማኅበራትና ድርጅቶች የሚተዳደሩት በ2001 በወጣው ቁጥር 1 ሕግ ሲሆን፣ ምዝገባው በማኅበራዊ ጉዳይና ሥራ ሚኒስቴር በኩል ያልፋል። የመኖሪያ ፈቃዱ ያልተሟላ ሰው አዲስ ማኅበር ለማቋቋም ከመድከም ይልቅ አስቀድሞ ከተመዘገበ የየመን ማኅበር፣ ከትምህርት ቤት ወይም ከኤደን ዩኒቨርሲቲ መምህራን ጋር በጽሑፍ ተስማምቶ በእነርሱ ስም ቢያመለክት ይበጀዋል። በስምምነቱ ላይ ገንዘቡን ማን እንደሚፈርም፣ መሣሪያዎቹ ሥራው ሲያልቅ የማን እንደሚሆኑ መጻፍ አለበት። በቃል መተማመን በዚህ ጉዳይ አይበቃም።

ከዚህ የሚበልጥ አንድ ጉዳይ አለ። ሰጪ ድርጅቶች ለሪፖርት ፎቶግራፍና የተሳታፊዎች ዝርዝር ይወዳሉ። ወረቀት የሌላቸው ቤተሰቦች ልጆች ስም፣ አድራሻና ፊት በሪፖርት ላይ ከወጣ ግን ጉዳቱ ከትምህርቱ ጥቅም ሊልቅ ይችላል። ስለዚህ በማመልከቻው ላይ ገና ከመነሻው ተሳታፊዎች በቁጥርና በዕድሜ ብቻ እንደሚገለጹ፣ ፎቶግራፍም ፊት የማያሳይ እንደሚሆን መጻፍ ተገቢ ነው። ምክንያቱ ከተገለጸለት ገምጋሚ ይህን እንደ ጉድለት አይቆጥረውም።

በጀቱ የኤደንን ኑሮ መምሰል አለበት። የሪያሉ ምንዛሪ በኤደንና በሰንዓ የተለያየ ነው፤ በወራት ውስጥም ይለዋወጣል። ወጪውን በውጭ ገንዘብ አስልቶ የተወሰደበትን ዕለታዊ ምንዛሪ መጥቀስ ያስፈልጋል። በበጋ ኤሌክትሪክ ለረጅም ሰዓት ስለሚቋረጥ ለትንሽ የፀሐይ ኃይል ፓነልና ባትሪ ገንዘብ መያዝ ቅንጦት አይደለም። መቼም መብራት የጠፋበት ሌሊት ለከዋክብት ተመልካች የተመቸ ነው። ቴሌስኮፕ በኬላዎች ላይ እንደ ወታደራዊ መሣሪያ ሊጠረጠር ስለሚችል የትምህርት ቢሮ ደብዳቤ ሳይያዝ ከሰፈር ሰፈር ማዘዋወር አይመከርም፤ ዓላማው በሁለት አጉሊ መነጽሮች የሚሞላ ከሆነም ያው ይበቃል።

ለአሁኑ አመልካች የጊዜ ገደብ የሚሆን ክስተት ቀርቧል። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም.፣ ማለትም ኦገስት 2 ቀን 2027፣ ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ከሰሜን አፍሪካ ተነሥቶ በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን በኩል ወደ ሶማሊያ ይሻገራል። በ2020 ላሊበላን ያቋረጠው የቀለበት ግርዶሽ የፀሐይን ጠርዝ ያስቀረ ነበር፤ ይህኛው በጥላው መንገድ ላይ ላሉ ሰዎች ቀኑን ያጨልማል። ጥላው በየትኛው የየመን ቦታ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ በማመልከቻው ላይ የሚጻፈው ከስሌት ሰንጠረዥ እንጂ ከወሬ መሆን የለበትም። የኬፕ ታውኑ ጥሪ በአንድ ዓመት ወጥቶ ለቀጣዩ ዓመት ሥራ ስለሚውል፣ ለግርዶሹ የሚዘጋጅ ሐሳብ በ2026ቱ ጥሪ መቅረብ ይኖርበታል። በበጀቱ ውስጥ መጀመሪያ የሚሰፍረው ወጪም የመመልከቻ መነጽር ነው፤ አይ.ኤስ.ኦ. 12312-2 የተባለውን ደረጃ የሚያሟላና ከታወቀ አምራች የተገዛ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ።