የጭላሎ ነፋስና የአሰላ ጢስ

የአንድ ከተማ አየር ጥራት የሚወሰነው በከተማው በሚነደው ነገር ብቻ አይደለም። ጢሱን የሚበትነው ነፋስ፣ ነፋሱን የሚመራው የመሬት አቀማመጥና ሁለቱንም የሚለዋውጠው ወቅት ድርሻ አላቸው። ለዚህም አሰላ ጥሩ ምሳሌ ናት። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በጭላሎ ተራራ ምዕራባዊ ተዳፋት ተቀምጣለች። የተራራው ጫፍ ከ4,000 ሜትር ያልፋል፤ ከከተማዋ በታች ያለው ምድር ደግሞ 800 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ እስከ ዝዋይ ሐይቅ ይወርዳል።

እንዲህ ያለ ተዳፋት የራሱ ነፋስ አለው። ቀን ፀሐይ የተራራውን ጎን ስታሞቀው አየር ከሸለቆው ወደ ላይ ይወጣል፤ ሌሊት መሬቱ ሲቀዘቅዝ ከባዱ ቀዝቃዛ አየር እንደ ውኃ ቁልቁል ይፈሳል። በጎድጓዳ ሥፍራ የተሠሩ ከተሞች ይህ ዕድል የላቸውም። በቴምዝ ወንዝ ሸለቆ የተቆረቆረችው ለንደን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1952 ነፋስ ለአምስት ቀናት በጠፋ ጊዜ በድንጋይ ከሰል ጢስ ታፈነች፤ በወቅቱ ግምት 4,000 ያህል ሰዎች ሞቱ። እ.ኤ.አ. በ1956 የወጣው የንጹሕ አየር ሕግ የዚያ አደጋ ውጤት ነው።

የአሰላም ተዳፋት ቢሆን በየወቅቱ እኩል አያገለግልም። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጠርቶ ሲያድር መሬቱ ሙቀቱን በፍጥነት ያጣል። በገበሬው ዘንድ ውርጭ የሚባለው የዚሁ ምልክት ነው። በዚያን ጊዜ የታችኛው አየር ከላይኛው ይልቅ ስለሚቀዘቅዝ የማታው ማገዶ ጢስ ወደ ላይ መውጣት ተስኖት በየረባዳው ተኝቶ ያድራል። የአውድማውና የመንገዱ አቧራም ይጨመርበታል። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን ከመታ ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ አቃጥሎ አካባቢን ማጠን ልማድ ሆኗል። ልማዱ የመነጨው ከጽዳት አሳብ ቢሆንም፣ የሚፈጸመው ጢስ በቀላሉ በማይበተንበት ወር ነው።

ጢሱም የራሱ ታሪክ አለው። ቀድሞ የአርሲ ደጋ የጽድና የዝግባ ደን፣ ሰፊም የግጦሽ መስክ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን መንግሥት ርዳታ በአጭር ስሙ «ካዱ» የተባለው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ሥራውን ሲጀምር ምርጥ የስንዴ ዘርና ማዳበሪያ ለገበሬው ደረሰ፤ ትራክተርም በአካባቢው ተስፋፋ። አርሲ የስንዴ አገር መባሏም በዚህ ዘመን ይበልጥ ጸና። መስኩና ደኑ ለማረሻ ቦታውን ሲለቅ ግን ለምድጃው የቀረው ባሕር ዛፍ፣ ገለባና ኩበት ሆነ። ኩበት ከደረቅ እንጨት ይልቅ ብዙ ጢስ ያወጣል፤ ለማሳው ሊሆን የሚገባውን ፍግም ያሳጣል። በተመሳሳይ ጊዜ ከአጨዳ በኋላ የተራቆተው ማሳ ለበጋው ነፋስ አቧራ ያቀብላል።

ሰኔ ሲገባ ዝናቡ አቧራውን ያጥባል፤ አደባባዩም ይጠራል። ችግሩ ግን ጠፋ ማለት አይደለም፤ ቦታ ለወጠ እንጂ። በክረምት ማገዶው እርጥብ ነው፤ ብርዱም በርና መስኮት ያዘጋል። እርጥብ እንጨት በሙሉ ስለማይነድ ጢሱ ይበዛል፤ ጢሱም በማእድ ቤት ውስጥ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ከሚሊ ሜትር 2.5 ሺኛ ያልበለጡ ብናኞች መጠን በ1 ኪዩቢክ ሜትር አየር ውስጥ በዓመት አማካይ ከ5 ማይክሮግራም መብለጥ የለበትም። በሦስት ጉልቻ በሚነድበት ዝግ ማእድ ቤት ግን መጠኑ በመቶዎች የሚቆጠር ይሆናል። ይህንን የምትተነፍሰው እንጀራ የምትጋግረው እናትና በጀርባዋ ያዘለችው ሕፃን ናቸው። የጭላሎ ነፋስ መንገዱን እንጂ ማእድ ቤቱን አይጠርግም።

ከዚህ የተነሣ የመሐንዲሱ ኃላፊነት ሁለት ወገን ነው። በከተማ ፕላን ረገድ፣ የሌሊቱ ነፋስ ከተራራው ወደ ሐይቁ፣ የቀኑም ከሸለቆው ወደ ተራራው የሚሄድ በመሆኑ፣ ጢስ የሚያወጣ ተቋም ከመኖሪያ ሠፈር በላይም ሆነ በታች ሲተከል የሁለቱም ጉዞ አስቀድሞ መጠናት አለበት፤ ነፋሱ የሚያልፍባቸው ሸለቆዎችም በግንብ ሊዘጉ አይገባም። በቤት ሥራ ረገድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአገር ውስጥ የተነደፈው ምርጥ ምድጃ ማገዶን እስከ ግማሽ ሊቆጥብ እንደሚችል ታይቷል፤ ከጢስ ማውጫ ጋር ሲተከል ጥቅሙ ይሟላል። ጢስ ማውጫ በቤት ንድፍ ላይ ከጣሪያና ከግድግዳ ጋር እኩል መሣል ይኖርበታል። የአየር መለኪያም ሲቆም በአደባባይ ብቻ ሳይሆን በማእድ ቤትም፣ በበጋ ብቻ ሳይሆን በክረምትም ሊሆን ይገባዋል። ይህ ካልሆነ በሐምሌ ዝናብ የታጠበው አደባባይ ከተማዋ ንጹሕ አየር እንደምትተነፍስ ይመሰክራል፤ ምስክርነቱ ግን ከማእድ ቤቱ ደጃፍ አያልፍም።